የዓሣ ማስገር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከዓሣው አፍ መጀመር

ዘንድሮ ለክበባችን የተመዘገቡት ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች አንድ ዓሣ በደንብ ያውቁ ነበር፤ እሱ ግን ወሎ ውስጥ የለም። ባስ ይባላል። አሜሪካኖች ከጀልባ ላይ የሚያብረቀርቅ የፕላስቲክ ዓሣ ወርውረው ሲጎትቱ፣ ባሱም ውሃውን ሰንጥቆ ሲዘል በስልክ ቪዲዮ አይተዋል። በመስከረም ስብሰባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ያ የሚያብረቀርቀው ደሴ ይገኛል?» የሚል ነበር። ቢገኝም እኛ ለምናሰግርበት፣ ስሙም ራሱ ሐይቅ ለሆነው ውሃ እንደማይሆን ለማስረዳት ጥቅምት በሙሉ አለቀ። ጊዜው ግን አልባከነም፤ የዓመቱ ሥራ ሁሉ የተነሣው «ለምን አይሆንም?» ከሚለው ነው።

ባስ አድፋጭ አዳኝ ነው። ግንድ ወይም ሣር ሥር ተሸሽጎ ይቆይና በአጠገቡ ያለፈውን ትንሽ ዓሣ ወይም እንቁራሪት ዘልሎ ይውጣል። አፉ ሲከፈት ጣሳ ያህላል። በእ.ኤ.አ. 1932 በአሜሪካ ጆርጂያ የተያዘው ትልቁ ባስ 10 ኪሎ ግራም አልፎ ነበር፤ በ2009 ጃፓን ውስጥ ቢዋ ሐይቅ ላይ እኩያው እስኪገኝ ድረስ የደረሰበት አልነበረም። ለእንዲህ ያለ ዓሣ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ማባበያና ከሣር መሀል ጎትቶ የሚያወጣ ጠንካራ ዘንግ ተገቢ ነው።

ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የምናገኘው ሐይቅ ውስጥ ያሉት አፎች ግን ሌሎች ናቸው። ቆሮሶ ወደ ሐይቁ የገባው በእ.ኤ.አ. 1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ዋና ምግቡ ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ደቂቅ አልጌ ስለሆነ የሚሮጥ ነገር አያሳድድም። አምባዛ ሥጋም ዓሣም ይበላል፤ የሚያድነው ግን ከዓይኑ ይልቅ በማሽተትና በአፉ ዙሪያ ባሉት ስምንት ሪዞቹ ነው። ካርፕ ደግሞ ከሥር ያለውን ጭቃ ይስብና የሚበላውን አስቀርቶ ሌላውን ይተፋል። ለሦስቱም የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ብዙም ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ዕቃ የመረጥነው ከዓሣው አፍ ተነሥተን ነው። አፉ መንጠቆውን፣ መንጠቆው ክሩን፣ ክሩ እርሳሱን (ክሩን የሚያሰምጠውን ክብደት)፣ እርሳሱ ዘንጉን ይወስናል። ልጆቹ የጀመሩት በተቃራኒው ነበር፤ መጀመሪያ ረጅም ዘንግ ይቆርጣሉ፣ ያገኙትን ክር ያስራሉ፣ መንጠቆው የመጨረሻ ሐሳብ ይሆናል። ዘንግ በእጅ ሲይዙት ደስ ስለሚል ይመስለኛል።

የመንጠቆ ቁጥር ለጀማሪ ግራ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፤ 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያነሰ ነው። ከ1 ወዲያ ደግሞ 1/0፣ 2/0፣ 3/0 እየተባለ ይተልቃል። ለቆሮሶ 8 ወይም 10፣ ለካርፕ ከ4 እስከ 6፣ ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 3/0 ተጠቅመናል። ትልቅ መንጠቆ ትልቅ ዓሣ ያመጣል የሚለው እምነት ለመጥፋት አስቸግሯል። ቆሮሶ አፉ ጠባብ ስለሆነ በ2 ቁጥር መንጠቆ ላይ ያለውን ሊጥ ዳር ዳሩን ለቅሞ ይሄዳል፤ ባለ ዘንጉ «እየነካልኝ ነው» እያለ ባዶ መንጠቆ ይጠብቃል። ስለቱን ለማወቅ ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍር ላይ ቀስ አድርጎ መሳብ ነው፤ ቢንሸራተት ደንዝዟል፣ ጥፍሩን ቢይዝ ደኅና ነው። በጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ የተመለሰውን ትንሽ እሾህ ሁሉም ተማሪ በፒንሳ ጨፍልቆ እንዲያስተኛው አድርገናል። ጣት ሲወጋ ያለ ሐኪም ይወጣል፣ ትንሽ ዓሣም ሳይጎዳ ይለቀቃል። ዋጋው ክሩ ለአፍታ ከላላ ዓሣው ማምለጡ ነው።

ክርን በተመለከተ ለቆሮሶ 0.20 ወይም 0.25 ሚሊ ሜትር ናይሎን፣ ለአምባዛ 0.40 እና ከዚያ በላይ በቂ ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ኪሎ ክሩ ሳይቋጠር የሚችለው ነው፤ ቋጠሮ ሁልጊዜ ይቀንሰዋል። ብዙ ዓሣ ያጣነውም በቀጭን ክር ሳይሆን በመጥፎ ቋጠሮ ነው፤ ስለዚህ ኅዳርን ለእሱ ብቻ ሰጠነው።

የተማርነው ቋጠሮ አንድ ነው፤ አሥር ግማሽ ከማወቅ አንዱን ጨለማ ውስጥ መሥራት ይሻላል ብለን። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፈህ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ታስተርፋለህ። የተረፈውን በዋናው ክር ላይ 5 ወይም 6 ጊዜ ትጠመጥማለህ። ከዚያ ጫፉን መልሰህ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ክፍተት ታስገባዋለህ፤ ይህ ሲሆን በሚፈጠረው ትልቁ ቀለበት ደግሞ ታሳልፈዋለህ። በምራቅ ታረጥበዋለህ፣ ቀስ ብለህ ትስባለህ፣ 3 ሚሊ ሜትር አስተርፈህ ትቆርጣለህ። ማርጠቡን የሚዘሉት ብዙ ናቸው። ደረቅ ናይሎን ሲጠብቅ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይሞቃል፤ የሞቀው ቦታ ይደክማል፣ ሲበጠስም የሚበጠሰው እዚያው ላይ ነው። በ0.40 ክር ላይ 4 ጥምጥም ይበቃል፤ ከዚያ ከበዛ ጥምጥሙ አንዱ ባንዱ ላይ ይወጣና በትክክል አይቀመጥም።

ክር ተበጥሶ ሲመጣ ጫፉን ማየት ግዴታ አደረግን። እንደ ስልክ ገመድ ተጠምዝዞ ከመጣ ቋጠሮው ተንሸራቷል። ሻካራና ጭረት የበዛበት ከሆነ ድንጋይ ወይም የአምባዛ ጥርስ ፈግፍጎታል። ከመሀል በቀላሉ ከተበጠሰ ፀሐይ የጎዳው አሮጌ ክር ነው፤ ያ ጥቅል እንዳለ ይጣላል። ይህን መለየት ከጀመሩ በኋላ «ትልቅ ዓሣ በጠሰብኝ» የሚለው ወሬ በጣም ቀንሷል።

ሪል የሚባለው የክር መጠቅለያ ውድ ስለሆነ የሃይላንድ ጠርሙስ ተክቶታል። 30 ሜትር ክር በጠርሙሱ ወገብ ላይ ይጠቀለላል፤ መነሻው መጀመሪያ በፕላስተር መያዝ አለበት፣ አለበለዚያ ጥቅሉ በሙሉ ይዞራል። ሲወረወር የጠርሙሱ ታች ወደ ውሃው እንዲያመለክት ይያዛል፣ እርሳሱ በሌላው እጅ ተወዛውዞ ይለቀቃል፣ ክሩም በታች በኩል እየተፈታ ይከተላል። ጠርሙሱ በአግድም ከተያዘ ክሩ መውጣት አቅቶት እርሳሱ መንገድ ላይ ይወድቃል። ዘንግ ለፈለጉ የ3 ሜትር ቀርከሃ አዘጋጅተናል። ሳይደርቅ ከተሠራበት ይከብዳል፣ እንደጎበጠም ይቀራል፤ ጥላ ውስጥ ተንጠልጥሎ መድረቅ አለበት። ክሩ ጫፉ ላይ ብቻ ሳይሆን በዘንጉ ርዝመት ወርዶ እስከ እጀታው ይታሰራል፤ ጫፉ ቢሰበር ዓሣው አብሮ አይሄድም።

ተንሳፋፊው የጠርሙስ ቡሽ ወይም ያረጀ ነጠላ ጫማ ቁራጭ ነው። እዚህ ላይ ስህተቱ መጠን ነው። ሁሉም እንደ እንቁላል የሚተልቅ ቡሽ ሠርተው መጡ፣ ከሩቅ ይታያል ብለው። ቆሮሶ ሊጡን ሲስብ ቡሹ ከከበደው ይተፋዋል። ስለዚህ የቡሹ አናት አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ከውሃው በላይ እስኪቀር ድረስ ትናንሽ እርሳስ ይጨመራል። እርሳሱን ከጎሚስታ ቤት ከተጣለ የጎማ ባላንስ ቆርጠናል፤ በጥርስ መጨፍለቅ ክልክል ነው፣ መርዝ ነው፤ ከነኩት በኋላም እጅ ሳይታጠቡ ምሳ የለም። ጥልቀት ለመለካት መንጠቆው ላይ ከበድ ያለ እርሳስ ይሰካና ይጣላል። ቡሹ ከሰመጠ ውሃው ገና ጥልቅ ነው፣ ቡሹ በክሩ ላይ ከፍ ይደረጋል፤ አናቱ ልክ ብቅ ሲል ጥልቀቱ ተገኝቷል። ከዚያ ሊጡ ከሥር 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ እንዲል ይስተካከላል።

ስለ ማባበያ ብዙ ተከራክረናል። አሸናፊው በሶ ነው። ሁለት ኩባያ በሶ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ ውሃው ጠብ ጠብ እየተደረገ። ተልባው ሲረጥብ ልጥልጥ ስለሚል ሊጡን አያይዞ ይይዛል፤ ያለ እሱ በሶው ውሃ እንደነካ ይበተናል። 15 ደቂቃ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቆይና ሽንብራ በምታህል መጠን ይድቦለቦላል። ፈተናው የውሃ ብርጭቆ ነው፦ 10 ደቂቃ ሳይፈርስ መቆየትና ቀስ በቀስ ደመና መልቀቅ አለበት። ካልፈረሰም ደመና ካልለቀቀም ደርቋል፣ ጠጠር ነው። በበርበሬ እጅ የተቦካውን ዓሣ አልነካልንም፤ ምክንያቱ ይኸው ይሁን ሌላ ባናውቅም ሳሙና ሳይቀባ እጅ ታጥቦ ማቡካት ልማድ ሆኗል። ለካርፕ አንድ ቀን የተዘፈዘፈና ገለባው ሳይፈነዳ የተቀቀለ በቆሎ፣ ዓሣውን ወደ ቦታው ለመሳብ ደግሞ የኑግ ፋጉሎ እፍኝ እፍኝ እየተደረገ ይበተናል። ፋጉሎ ሲበዛ ዓሣው ይጠግብና መንጠቆውን ይንቃል።

ቆሮሶ ሲነካ ቡሹ ሁለት ሦስት ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ መሳብ የለም። ወደ ጎን መሄድ ወይም መስመጥ ሲጀምር አንጓን ብቻ ከፍ ማድረግ ይበቃል። በክንድ ሙሉ የሚስብ ሰው የዓሣውን ስስ ከንፈር ይቀድዳል።

አምባዛ ሌላ ዓለም ነው። ሲያዝ በራሱ ዙሪያ ይንከባለላል፤ ክሩን ያከርረዋል፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ በሆነው ጥርሱም ይፈገፍገዋል። ስለዚህ ከመንጠቆው በላይ 40 ሴንቲ ሜትር የ0.60 ክር፣ ከእሱ በላይ ክሩ እንዳይከር የሚሽከረከር ማያያዣ አስገብተናል። እርሳሱ የብሎን ዳዶ ነው፤ ክሩ በቀዳዳው ውስጥ እንዲንሸራተት ተደርጎ፣ አምባዛው ሲስብ ክብደቱ እንዳይሰማው። መጀመሪያ ላይ የዳዶው ጥርስ ክሩን ይበላው ነበር። መፍትሔው ያለቀ እስክሪብቶ ቀፎ ቆርጦ ቀዳዳው ውስጥ መክተትና ክሩን በቀፎው ማሳለፍ ሆነ። ከማባበያው የዶሮ አንጀት መንጠቆው ላይ በራሱ ይቆያል፤ ጉበት ግን ለስላሳ ስለሆነ በስፌት ክር መንጠቆው ላይ ካልታሰረ ሲወረወር ለብቻው ይበራል። አምባዛ የሌሊት በላተኛ ነው፤ ተማሪ ይዞ ማደር ስለማይቻል ከዝናብ በኋላ ውሃው ሲደፈርስ ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ወንዙ የሚገባበትን አካባቢ መርጠናል። ከነሕይወቱ ሲያዝ የጎን ክንፎቹ አጥንት እንደ መጋዝ ስለሆነ ከክንፉ በስተኋላ አጥብቆ መያዝ ነው፤ ከውሃ ወጥቶም አየር ስለሚተነፍስ ሞተ ብሎ መዘናጋት አይገባም።

ከባስ አስጋሪዎች የተዋስነው አንድ አሠራር አለ፤ የቪዲዮውን ልጆች ሙሉ በሙሉ አላሳፈርናቸውም። እርሳሱን የክሩ ጫፍ ላይ፣ መንጠቆውን ከእርሳሱ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ ማሰር ነው። ታችኛው ጭቃና አልጌ በሆነበት ዳርቻ የኛ ትል ጭቃው ውስጥ እየተቀበረ አስቸግሮን ነበር፤ በዚህ አስተሳሰር እርሳሱ ሲቀበር ትሉ ከላይ ይቀራል።

ከኅዳር እስከ ጥር የሐይቁ ዳርቻ ሌሊት ይቀዘቅዛል። ቆሮሶ የሙቅ ውሃ ዓሣ ስለሆነ ማለዳ አይበላም፤ በእነዚህ ወራት ጎሕ ሳይቀድ መነሣት እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው፣ የሚነካው ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከመጋቢት በኋላ ማለዳውም ይሠራል። ወንዶቹ ቆሮሶዎች ጥልቀት በሌለው ውሃ ሥር ጎድጓዳ ጎጆ ሲቆፍሩ ከታዩ እዚያ አንጥልም፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ የምትፈለፍል ናት፣ የተያዘችውም ወዲያው ትለቀቃለች። የሐይቁ መሀል ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው፣ ዳርቻውም አንዳንድ ቦታ ድንገት ገደል ይሆናል። ስለዚህ ከጉልበት በላይ ውሃ የገባ ተማሪ በዚያ ቀን ዘንግ አይነካም። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው የተጣለ ናይሎን የትም አይሄድም፤ ቁርጥራጩ ሁሉ ተቆጥሮ በከረጢት ይመለሳል።

ባስን ወደ ሐይቅ እናምጣ ያሉም ነበሩ። ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ላይ በእ.ኤ.አ. 1929 ገብቷል። እዚህ ቢገባ ግን የመጀመሪያ ምሳው የቆሮሶ ጫጩት ነው፤ የአጥማጆቹ እንጀራ ደግሞ ቆሮሶ። ውይይቱ በዚሁ ተዘጋ።

ለመጪው ዓመት በክበቡ ሳጥን ውስጥ የቀሩት ስድስት የደረቁ ቀርከሃዎች፣ ሁለት ፒንሳ፣ 8 እና 10 ቁጥር መንጠቆዎች ናቸው። መንጠቆዎቹ ታጥበው፣ ደርቀው፣ በዘይት በታሸ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። የ0.25 ክሩ መስኮት አጠገብ ከርሟል፤ ሁለት ሜትሩን በእጅ ስበን ስናየው በቀላሉ ተበጥሷል። በመስከረም አዲስ ሳይገዛ ማንም እንዳያስረው።