ኮምቦልቻ የሚመጡት የአጥንት ሐኪሞች አይደሉም

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ኮምቦልቻው ጉባኤ ያወጣችሁትን ዜና አንባቢዎቻችሁ አይተውታል። ርዕሱ «ዓለም አቀፍ የአጥንት ስብራት ጉባኤ በኮምቦልቻ ሊካሄድ ነው» ይላል። ከሥሩ የእግር ራጅ ለጥፋችኋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የእኔ ስልክ ቁጥር አለ። ከሦስቱ ትክክል የሆነው ስልኩ ብቻ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። በያጅ ነኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የከባድ መኪና ሻንሲ ስበይድ ኖሬያለሁ። የዚህ ጉባኤ አዘጋጅ ኮሚቴ ጸሐፊም ነኝ። ጉባኤው ስለ ብረት፣ ስለ ኮንክሪት፣ ስለ ብየዳ፣ ስለ ድልድይና ስለ ሕንፃ ነው። እንዴት እንደሚሰነጠቁ፣ ለምን እንደሚሰበሩ፣ ሳይሰበሩ በፊት እንዴት እንደሚታወቅ። በላክንላችሁ ደብዳቤ ውስጥ «አጥንት» የሚል ቃል የለም። ደጋግሜ አነበብኩት። የለም።

«ስብራት» ማለታችሁን አልቃወምም። የሙያው ጉባኤ በዓለም ላይም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ሰንዳይ ላይ ተካሄደ። ከዚያ በኋላ በየአራት ዓመቱ የሚዘጋጅ ሆነ። አውሮፓውያንም በየሁለት ዓመቱ የሚገናኙበት የራሳቸው አላቸው። የእኛ ከነዚህ ጋር አይወዳደርም፤ ትንሽና ጀማሪ ነው። ጥፋታችሁ እኛ ያላልነውን «የአጥንት» የሚል ቃል ከራሳችሁ መጨመራችሁ ነው።

የጉባኤያችን ርዕስ ሌላው ግማሽ «የመዋቅር ጤንነት» ይላል። ይህን ቃል ለመምረጥ አንድ ማታ ሙሉ ተከራክረናል። «ደኅንነት» እንበል ያለ ሰው ነበር። «ደኅንነት ካልን ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት ይመስለዋል» ተባለና ተወው። «ጤንነት» የሚለውን ሲያይ ዘጋቢያችሁ ሐኪም ታይቶት ይሆናል። ይሄ ይገባኛል። ግን ከፊቱ «የመዋቅር» የሚል ቃል አለ። እሱን የት ጣላችሁት? ያልገባው ሰው ደውሎ ይጠይቃል። ስልኬ እጃችሁ ላይ ነበር። ለሕዝብ ከመበተናችሁ በፊት አንድ ጊዜ ብትደውሉበት ምን ነበረበት?

እኔ ግን ደወልኩ። መጀመሪያ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ሁለተኛ ቀን «በኢሜይል ላክ» ተባልኩ፤ ላክሁ። በሦስተኛው ዘጋቢው ራሱ አነሳው። «ያው ስብራት ስብራት አይደል እንዴ? ምን ልዩነት አለው?» አለኝ።

ልዩነቱን ልንገራችሁ።

ዜናው በወጣ በስድስተኛው ቀን አንዲት እናት ከሐርቡ በኩል መጣች። አድራሻዬን በስልክ ጠይቃ ነው ያገኘችው። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ይዛለች። ከዋንዛ ዛፍ ወድቆ ግራ ክንዱ ተሰብሯል። ወጌሻ በቀርከሃ አስሮለታል፤ ጣቶቹ ግን አብጠው ቆዳቸው ያብለጨልጫል። ብየዳ ቤቱ በር ላይ ቆማ ብልጭታውን እያየች፣ «ወንድም ዓለም፣ ከውጭ የሚመጡት ሐኪሞች መቼ ነው የሚገቡት?» አለችኝ። የእህቷ ልጅ ዜናችሁን ከስልኩ አንብቦላታል። ሐኪም ቤት ልትወስደው የነበረውን ልጅ፣ ትላልቆቹ እስኪመጡ ብላ ቤት አቆይታዋለች።

የፊት መከላከያዬን አወለቅኩ። «እታለም፣ እነሱ የብረት ናቸው፤ የሰው አይደሉም» አልኳት። አላመነችኝም። የደበቅኋት ነው የመሰላት። ልጁን እያየች ዝም አለች። ከዚያ ከብየዳ ቤቱ ልጆች ጋር ገንዘብ አዋጣንና በባጃጅ መናኸሪያ አድርሰን፣ በሚኒባስ ወደ ደሴ ላክናቸው። ማታ ስትደውል አጥንቱ ጠምሞ መያዝ ስለጀመረ እንደገና መስተካከል አለበት መባሉን ነገረችኝ። እነዚያን ቀናት ያስጠበቃት የእናንተ አንድ ቃል ነው። ልዩነት የለውም ያለኝ ዘጋቢ ይህን ይስማ።

ስለ ብረቱም ልናገር፤ እሱም ቢሆን የሰው ነፍስ ጉዳይ ነው።

ዕቃ ብዙ ጊዜ በድንገት የተሰበረ ይመስለናል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ቀድሞ ስንጥቅ አለበት። ግሪፍት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1921 ባወጣው ጽሑፍ ይህን በመስታወት አሳይቷል። መስታወት መቋቋም ከሚገባው ኃይል በጣም ባነሰ የሚሰበረው ውስጡ ባሉ ጥቃቅን ስንጥቆች ምክንያት መሆኑን አስረዳ። እ.ኤ.አ. ጥር 16 ቀን 1943 ደግሞ አሜሪካ ፖርትላንድ ውስጥ ስኬነክታዲ የተባለች አዲስ የነዳጅ መርከብ ወደቧ ላይ እንደቆመች ለሁለት ልትከፈል ደረሰች። ማዕበል አልነበረም። መርከቧ በሪቬት፣ ማለትም ላሜራን ከላሜራ በሚያያይዝ የብረት ችንካር ሳይሆን በብየዳ የተሠራች ናት። በብየዳ የተያያዘ ብረት ላይ የተነሳ ስንጥቅ ከአንዱ ላሜራ ወደ ሌላው ያለ ከልካይ ይሮጣል። ብየዳ እንጀራዬ ስለሆነ ይህቺን መርከብ ሳስብ እጄን አያለሁ።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ። ከጅቡቲ በሚሌ፣ በባቲ አድርጎ የሚመጣ ተሳቢ ኮምቦልቻ ይገባል። ከዚያ ሐረጎን ይዞ ወደ ደሴ ይወጣል፤ ይወርዳልም። ባለፈው ዓመት አንድ ሾፌር ባሌስትራ ሊያስቀይር መጣ። ከባሌስትራው መያዣ አጠገብ ሻንሲው ላይ የጥፍር ታህል መስመር አየሁ። «ዝገት ነው ባክህ» አለኝ። ቦታውን በብሩሽ አጸዳሁት። ነጭ ጋዝ ቀባሁትና ትንሽ ጠብቄ በጨርቅ አደረቅሁት። ከላዩ ጠመኔ አሸሁበት። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ጋዝ ቀስ እያለ ወደ ጠመኔው ወጣና እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር መስመር ሠራ። ጥፍር ያከለው ስንዝር ሙሉ ሆኖ ወጣ። ሾፌሩ ቁጢጥ ብሎ መስመሩን በጣቱ ተከተለው። ሌላ ቃል አልተናገረም። ያንን ይዞ ነው ሐረጎን ሊወጣ የነበረው።

ጫፉን በመሰርሰሪያ በሳነው። ከዚያ ነው የበየድነው። ጫፉ ላይ ክብ ቀዳዳ ካለ ስንጥቁ የሚሄድበት ስለት ያጣል። ይህን ያስተማሩኝ ጌታዬ የግሪፍትን ስም ሰምተው አያውቁም። ነፍሳቸውን ይማር። ነገሩን ግን ያውቁታል።

ሁለተኛው ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ዜናችሁ «ከአዲስ አበባና ከውጭ የሚመጡ ምሁራን ልምዳቸውን ለከተማዋ ነዋሪዎች ያካፍላሉ» ይላል። ኮምቦልቻን ደግሞ «አስተናጋጅ ከተማ» ብላችኋታል። እኛ ቡና አፍልተን፣ ወንበር ደርድረን ልንሰማ ነው እንዴ? ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ሁሉም ማሽን አለው፤ ማሽኑም ይሰበራል። የሚጠግነው ማን ይመስላችኋል?

በፕሮግራሙ ላይ አራት የአካባቢያችን ባለሙያዎች አሉ። በደብዳቤያችን ጽፈናቸዋል፤ አንዳቸውንም አላነሳችሁም። አንዱ የቶርኖ ባለሙያ ነው። ለዓመታት የተሰበሩ የመኪና አክስሎች ሳይጥል አስቀምጧል። እያንዳንዱ የተሰበረበት ገጽ ላይ እንደ ዛፍ ቀለበት ያሉ መስመሮች አሉ። ለስላሳው በኩል ስንጥቁ በቀስታ የተጓዘበት ነው። ሻካራው በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የተበጠሰበት ነው። አንድ የውጭ ፕሮፌሰር ፎቶውን ልከንላቸው፣ አክስሎቹን በዓይናቸው ለማየት ብቻ አንድ ቀን ቀድመው እንደሚመጡ ጽፈውልናል። የእናንተ ዜና ይህን ሰው «ልምድ ተካፋይ ነዋሪ» አደረገው።

ጉባኤ ማዘጋጀት ቀላል አይደለም። ስምንት ወር ሆኖናል። የጽሑፍ ጥሪ ይወጣል። የመጣው እያንዳንዱ አጭር መግለጫ ለሁለት ገምጋሚ ይላካል። ለውጭ እንግዳ የግብዣ ደብዳቤ ይጻፋል፤ ለቪዛው ያስፈልገዋል። የመመዝገቢያ ክፍያን በዶላር መቀበል ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አዳራሽ፣ ጄኔሬተር፣ ከቦሌ እስከ ኮምቦልቻ ትራንስፖርት። ይህን ሁሉ የምንሠራው ከሥራ በኋላ፣ ያለ ክፍያ ነው። ብረት ስቦ የሚበጥስ የሙከራ ማሽኑን ለሁለት ቀን ሊፈቅድልን ቃል የገባ ድርጅት ነበር። በዜናችሁ ማግስት «የሐኪሞች ከሆነ እኛን አይመለከትም» ብሎ ሰረዘን። አስረድተናል፤ እስካሁን አልመለሰልንም። አንድ ጽሑፍ አቅራቢም ዜናውን በስልኩ አስተርጉሞ፣ «የእኔ ስለ ድልድይ ነው፤ በስህተት ነው የላክሁት?» ሲል ጠይቆናል።

ይህ ጉባኤ ለዚህ አካባቢ ትርፍ ነገር አይደለም። የስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ነን። በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም ያወሩልናል። ግድግዳ ላይ ያለ ስንጥቅ የልስን ይሁን የምሰሶ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ያስፈልገናል።

የምጠይቃችሁ ግልጽ ነው። ዜናውን በዝምታ አትሰርዙት፤ ያነበበው ሰው ስህተት መሆኑን አያውቅም። እርምቱን እዚያው ገጽ ላይ፣ ርዕሱ በወጣበት መጠን አውጡት። ራጁን አንሱ። የአራቱን ባለሙያዎች ሥራ ጻፉ። ዘጋቢያችሁም ይምጣ፤ ነጭ ጋዙንና ጠመኔውን አሳየዋለሁ።

ግን አትቆዩ። ዛሬ ጠዋት ከባቲ ተደውሎልኛል። አዛውንት ናቸው። ወድቀው ዳሌያቸውን ተሰብረዋል፤ ልጃቸው ነው የደወለው። መኪና ተከራይቶ ሊያመጣቸው ነበር። «አታምጣቸው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዳቸው» አልኩት። እሱ ደወለልኝ። ሳይደውል መንገድ የጀመረ ሰው ካለ ግን አላውቅም።

ከኮምቦልቻ
በያጅና የጉባኤው አዘጋጅ ኮሚቴ ጸሐፊ