ጎመናችንን የበላችው ጉማሬ

ባሕር ዳር
ቅዳሜ፣ ህዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

እታለም፣ እንዴት ከርመሻል? ልጆቹስ? የሐዋሳ ሙቀት ለመደሽ ወይስ አሁንም ታማርሪያለሽ?

ሦስት ዓመት ጠፍቼ ዛሬ ብቅ ስል "ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?" እንደምትዪ አውቃለሁ። አልተሳሳትሽም፣ የምፈልገው ነገር አለ። መጨረሻ ላይ ነው የምነግርሽ። አሁን ካወቅሽው ሌላውን ዘልለሽ ታልፊዋለሽ።

ሰበብ ልደርድር ብል አላጣም። በ2015 ክረምት ኢንተርኔት ጠፋ፣ ብዙ ወራትም ቆየ። ትምህርት ተቋረጠ፣ ተጀመረ፣ እንደገና ተቋረጠ። ግን ኔትወርኩ ከተመለሰ ቆይቷል፣ እጄም አልተሰበረም። እውነቱን ልንገርሽ። የመጨረሻው ደብዳቤሽ ላይ "ያ ልጅ ተናገረ ወይ?" ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ያ ትምህርት ቤት ውስጥ ቃል የማይወጣው ተማሪያችን አልተናገረም ነበር። እሱን ጽፌ መላክ አቃተኝ። ትንሽ ልጠብቅ፣ ሲናገር እጽፍላታለሁ አልኩ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ጊዜው ሄደ።

ትናንት ተናገረ። ያውም በሞንታርቦ፣ አገር ምድሩ እየሰማ።

ቆይ ግን፣ ከሰኞ ልጀምር። የሳምንቱን ዜና ለሚኒ ሚዲያ ታዘጋጂ በነበረ ጊዜ ከዓርብ የሚጀምር ዜና የለም ትዪ ነበር። አንቺ ስትሄጂ ሥራው በእኔ ላይ ወደቀ። እስካሁን ባንቺ ደብተር ላይ ነው የምጽፈው። ፊት ለፊቱ ያንቺ ያማረ ጽሑፍ፣ ከዚያ ወዲህ ዶሮ የጫረችው የሚመስል የኔ። ታዲያ በዚህ ሁሉ ጊዜ የገባኝ ነገር፣ ዜና መጻፍ ማለት የማይነበበውን መምረጥ ነው።

ሰኞ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ርዕሰ መምህራችን ስለ ማርፈድ ግማሽ ሰዓት ንግግር አደረጉ። አንዲት የኦ ክፍል ልጅ ቆማ አንቀላፋች። ንግግሩ በመርዘሙ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አረፈደ። ደብተሩ ላይ "ስለ ሰዓት አክባሪነት ጠቃሚ ምክር ተሰጠ" ብዬ ጻፍኩ።

ማክሰኞ የወላጆች ስብሰባ ነበር። የቧንቧው ጉዳይ። ያው ነው፣ አልደክምሽም።

በነገራችን ላይ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመጣ ወዲህ የክወናና እይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለን። ሙዚቃ፣ ቴአትር፣ ሥዕል አንድ ላይ። ማን የሚያስተምረው ይመስልሻል? እኔ። ድምፄን ታውቂዋለሽ አይደል? ክረምት ክረምት ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ ስንማር መዝሙር ስጀምር ዶርሙ ባዶ ይሆን ነበር። እና አሁን 64 ልጆች ፊት ቆሜ ቅኝት አስተምራለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ረቡዕ ነው ጉዱ የመጣው።

የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆች፣ የአምስተኛ ክፍሎቹ፣ ከመስከረም ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ጎመን አልምተው ነበር። ቧንቧው አይሠራምና በሃይላንድ ውሃ ከቤታቸው እየተሸከሙ ነው ያሳደጉት። አንድ ልጅ አንድ ሃይላንድ። ደብተሩ ቢረሳ ሃይላንዱ አይረሳም። ሰኞ ጾመ ነቢያት ይገባል፣ ጎመን ይወደዳል፣ ያን ጊዜ ሸጠን ኳስ እንገዛለን ብለው አስልተዋል። እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ስሌት ስለ ደሞዜ አስልቼ አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ሲመጡ መደቡ ባዶ ነው። ግንዱ ብቻ ቀርቷል። ሴቶቹ አለቀሱ። ወንዶቹ እንዳላለቀሱ ሆነው ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

ጋሼ ዘበኛችን ቆባቸውን አውልቀው፣ "ጉማሬ ነው" አሉ። "ሌሊት ሲተነፍስ ሰምቼዋለሁ።"

እንዳትስቂ። አባይ ከጣና ከሚወጣበት ሩቅ እንዳልሆንን ታውቂያለሽ፣ ጉማሬም በጨለማ ለግጦሽ እንደሚወጣ ታውቂያለሽ። ምክትሉ ስልካቸውን አውጥተው ዱካ ፎቶ አነሡ። ወሬው እስከ እረፍት ሰዓት ኦ ክፍል ደርሷል። የሚገርምሽ፣ ሐዘኑ ወዲያው ወደ ኩራት ተቀየረ። የማን ትምህርት ቤት ጎመን ነው ጉማሬ የበላው? የኛ!

እኔ ግን ዱካውን አየሁት። ጉማሬ አራት ጣት አለው። ያ ዱካ ለሁለት የተሰነጠቀ ሰኮና ነው። ከአጠገቡ ደግሞ እበት አለ። ያን እበት መምህራኑ ሁሉ እናውቀዋለን። ላለፉት አምስት ዓመታት እየዘለልነው ነው የምንገባው።

ቦራ ናት። የጋሼ ላም። ወተቷን ጠጥተሻል፣ ወር ሲሞላ እየከፈልሽ፣ አንዳንዴም ሳትከፍዪ። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባለቤታቸው አርፈዋል፣ አልሰማሽም መሰለኝ። ትንሿ ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፣ ፖሊ ግቢ። የዘበኛ ደሞዝ ታውቂዋለሽ። ፖሊ ያስገባቻት ቦራ ናት ብል አላጋነንኩም።

ስለዚህ ደብተሩን ከፍቼ "የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎች ያለሙት ጎመን በጉማሬ እንደተበላ ተገለጸ" ብዬ ጻፍኩ። ማን ገለጸ? እንጃ። "ተገለጸ" ስንት ነገር ይሸፍናል መሰለሽ።

ሐሙስ ለዓርቡ ህዳር ሲታጠን ስንዘጋጅ ዋልን። ልጆቹ ቆሻሻ መጥረግና ማቃጠሉን እንጂ ምክንያቱን አያውቁትም። በ1911 ዓ.ም. በህዳር ወር ስለገባው በሽታ ነገርኳቸው፤ ሌላው ዓለም የስፔን ጉንፋን ስለሚለው። በሽታውን ጭሱ ያባርረዋል ተብሎ እንደተጀመረ፣ ከዚያ ህዳር 12 ልማድ ሆኖ እንደቀረ። አንዱ እጁን አውጥቶ፣ "ቲቸር፣ ታዲያ ኮሮናን ለምን አላጠንነውም?" አለኝ። ማስክ አደረግን እኮ አልኩት። አላረካውም። እኔንም አላረካኝም።

የነሱን ዕድሜ ሳስብ አንዳንዴ ይገርመኛል። እምቦጭ ጣና ላይ የታየው በ2004 ነው። እነዚህ ልጆች ከእምቦጩ ያንሳሉ። እኛ በኩል እንደ ፎገራና እንደ ደንቢያ አልበረታም፣ ግን ስለ ሐይቁ ድርሰት ጻፉ ስላቸው ከደንገሉና ከታንኳው እኩል እምቦጩን ይጽፉታል። አንዷማ "አበባው ወይን ጠጅ ሆኖ ደስ ይላል" ብላለች። ምን ብዬ ላርማት? ደስ ይላላ።

ዓርብ ጠዋት ጭሱ ከተማውን ሸፍኖታል። እኛ ፌስታልና ሃይላንዱን ለይተን ቅጠላ ቅጠሉን ብቻ አቃጠልን። ጎረቤት ግን ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያነደው፣ የፕላስቲኩ ሽታ ጉሮሮ ይዘጋል። ዜና የምታነብልን የስድስተኛ ክፍል ልጅ ድምፅዋ ጠፋ። "ቲቸር" ስትለኝ አየር ብቻ ነው የወጣው።

ሰልፉ ቆሟል። ርዕሰ መምህሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። "አንድ ሰው ያንብበዋ!" አሉ።

ያ ልጅ ሞንታርቦው አጠገብ ነበር። ሁልጊዜም እዚያው ነው። አይናገርም እንጂ ሽቦውን፣ ማይኩን፣ ባትሪውን የሚያሰናዳው እሱ ነው። አንደኛ ክፍል ሳለ አሳ አሳ ይሸታል ብለው "አምባዛ" ያሉት ልጅ፣ አሁን እሱ ካልመጣ ሚኒ ሚዲያው አይሠራም። ታስታውሻለሽ፣ አንቺ ደወሉን እንዲደውል ታደርጊው ነበር። ድምፅ ማሰማት ከፈለገ በብረት ያሰማ ትዪ ነበር። "አትጎትጉቱት፣ አሳ ሲጎተጎት ይሸሻል" ያልሽው አሁንም መምህራን ማረፊያ ውስጥ ይነገራል፤ ማን እንዳለው የማያውቁ አዳዲሶቹ ሳይቀሩ ይሉታል።

ደብተሩን ከእጄ ወሰደ። ለማይኩ ሊያመቻች ነው ብዬ ሰጠሁት። ማይኩን ሁለቴ በጣቱ መታ መታ አደረገ። ከዚያ ማንበብ ጀመረ።

ድምፁ ወፍራም ነው እታለም። ልጅ አይመስልም። ቀስ ብሎ፣ አንድ ቃል ሳይስት። የሰኞውን አነበበ። የማክሰኞውን አነበበ። የክፍሉ ልጆች አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። እኔ ዕንባዬን ለመጥረግ ጭሱን ሰበብ አደረግኩ። ከዚያ ረቡዕ ላይ ደረሰ።

"በጉማሬ እንደተበላ ተገለጸ።" ቆመ። ደብተሩን ዝቅ አደረገው።

"ጉማሬ አይደለም" አለ። "እኔ ጉማሬ አውቃለሁ። ከአባቴ ጋር ሌሊት መረብ ስንጥል አያለሁ። ይቺ ቦራ ናት። በአጥሩ ቀዳዳ ስትወጣ አይቻታለሁ።"

መብራት እንኳን በሰዓቱ አልጠፋልንም። በየቀኑ ሲጠፋ የሚውል መብራት!

መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ አንዱ ከኋላ "እምቧ!" አለ። ስምንት መቶ ልጅ ሲስቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ቀና ስል ጋሼ በሩ ላይ ተቀምጠው ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበዋል።

ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። ዜናውን ማን ጻፈው አሉኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ጉማሬውን ማን አየው? ማንም። ምክትሉ ፎቶውን ከስልካቸው እያጠፉ ነበር። ጋሼ የጎመኑን ዋጋ ከደሞዛቸው ይክፈሉ ተባለ። ማስጠንቀቂያም ይሰጣቸው የሚል አለ፣ እሱ ለሰኞ ተቀጥሯል። ልጆቹ ደግሞ ሌላ ነገር አመጡ። ገንዘብ አንፈልግም፣ ወተት እንፈልጋለን፣ እስከ ገና ሸጠን ኳሱን እንገዛለን አሉ። ከየት እንደሚያመጡት አላውቅም ይህን ብልጠት። ግን ጋሼ በዚያ ወተት ነው የልጃቸውን ወጪ የሚሸፍኑት። አሁንም ቀላል አይደለም።

ከሰዓት ስወጣ ጋሼ ሰላምታዬን አልመለሱም። የሸፈንኩላቸው እኔ፣ የተቀየሙት እኔን። ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም። ረቡዕ ዕለት ሄጄ "ጋሼ፣ ቀዳዳውን እንድፈነውና ልጆቹን እናናግራቸው" ብላቸው ኖሮ ስምንት መቶ ልጅ ባልሳቀባቸው።

ልጁ መንገድ ላይ ጠብቆኝ ነበር። ሽቦውን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎታል። "ቲቸር፣ ተሳሳትኩ?" አለኝ።

ንባብህ በጣም ጥሩ ነው አልኩት። በቃ። ያን ነው ያልኩት። እሱም አንገቱን ነቅንቆ ሄደ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። አራት ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጥያቄ ያ ነው፣ እኔ ስለ ንባብ አወራለሁ።

የምፈልገው ነገር እንግዲህ ይኸው። ለእኔ ካልፈለግሽ አትጻፊ፣ ተቀይመሽኛል፣ ይገባሻል። ለሱ ግን ሁለት መስመር ጻፊለት። አልረሳሽም። ደብተሩን ሲመልስልኝ ፊት ፊቱን ገልጦ ያንቺን ጽሑፍ ሲያይ አይቼዋለሁ። ምን ብለሽ እንደምትመልሺለት አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ሞክሬው አቃተኝ።

ሌላ ወሬ ብዙ አለ፣ ስትመጪ። አዲሱን የአባይ ድልድይ አላየሽውም፣ በ2016 ግንቦት ነው የተመረቀው። 380 ሜትር ይሆናል፤ ማታ ማታ ሰው ለሽርሽር ይወጣበታል። በእግራችን እንሻገረዋለን። ላንቺ ወሬ ግን ያጥራል፣ ደርሶ መልስ ያስፈልገናል። እዚያ ሐዋሳ አሞራ ገደል ተቀምጠሽ አሳ እየበላሽ የጣናን ቆሮሶ እንዳትረሺ ደግሞ።

ደብዳቤውን የአጎትሽ ልጅ ማክሰኞ ይዞልሽ ይመጣል። አንድ ኪሎ የዘጌ ቡናም አለበት። በቆርቆሮው ያለው ቅቤ ነው፣ ከጋሼ ባለፈው ሳምንት የገዛሁት፣ የቦራ። እስከ ገና እንዲቆይልሽ አንጥሬዋለሁ። ቆርቆሮውን መልሺልኝ፣ ባለፈው የወሰድሽውን አልመለስሽም።

እኔው ነኝ