ለተቆጣጣሪው መሐንዲስ የሚከፍለው ማን ነው?

ለከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በሕንፃ ግንባታ ውስጥ ስላለው የጥቅም ግጭት እና ስለ ተቆጣጣሪ መሐንዲሶች ነፃነት

ከሰንጋ ተራ እስከ ሜክሲኮ፣ ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ በግንባታ አጥሮች ላይ የተሰቀሉትን ሰሌዳዎች ብታነቡ አሠሪ፣ አማካሪ (ሥራውን የሚቆጣጠረው)፣ ሥራ ተቋራጭ የሚሉ ሦስት መስመሮች ታገኛላችሁ። አጠገባቸው ሦስት ስም ተጽፏል። ሰሌዳው የማይነግረን ሦስቱ እርስ በርሳቸው ምን እንደሆኑ ነው። አማካሪው የተቋራጩ ወንድም ይሁን፣ አሠሪው የአማካሪው ባለድርሻ ይሁን፣ ወይም ሦስቱም በሦስት ንግድ ፈቃድ የሚሠሩ አንድ ቤተሰብ ይሁኑ፣ በዚያ በኩል የሚያልፈው ሰው የሚያውቅበት መንገድ የለም። ብዙ ጊዜ ፈቃድ የሰጠው ቢሮም አያውቅም፤ የሚጠይቅ ቅጽ ስለሌለው አይጠይቅም።

እኔ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ የምተዳደረውም በዚሁ ሥራ ነው። በዚህ ደብዳቤ የማንንም ድርጅት ስም አላነሳም። አንድን ሰው መክሰስ ብፈልግ የፀረ ሙስና ኮሚሽን በር የት እንደሆነ አውቃለሁ። የምጽፍላችሁ ጨዋ ሰው ገብቶበት እንኳ ጨዋ ሆኖ ለመውጣት ስለሚቸገርበት አሠራር ነው።

አንድ ነገር በቅርብ ላሳያችሁ። ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ ወለል፣ ሲሞላ ከአርማታው ለሙከራ ይቀዳል። ኩብ በምንለው፣ ጎኑ ሁሉ 15 ሴንቲ ሜትር በሆነ የብረት ቅርጽ ውስጥ በንብርብር እየተጨመረ በዘንግ ይጠቀጠቃል፤ በማግስቱ ከቅርጹ ወጥቶ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ላቦራቶሪ ገብቶ እስኪሰበር ድረስ ይጫናል። ሲ-25 የተባለ አርማታ ከሆነ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን መሸከም ይጠበቅበታል። ይህ በመጽሐፉ ያለው ነው። በሥራ ቦታው ላይ ግን፣ በሁሉም ባይሆን በብዙዎቹ፣ አርማታውን የሚያመጣው መኪና፣ ሚክሰሩ፣ ከመድረሱ በፊት አንድ ሠራተኛ በቆርቆሮ ላይ፣ ሲሚንቶውን ጨመር ውኃውን ቀነስ አድርጎ፣ ለኩቡ ብቻ የሚሆን አርማታ በአካፋ ያቦካል። ሦስት፣ ስድስት ኩብ ከዚያ ይሞላል። ሚክሰሩ ሲመጣ ደግሞ መንገድ ላይ ቆይቶ ስለጠጠረ ውኃ ይጨመርበትና ወደ ላይ ይገፋል። መሀል ከተማ ላይ ከባድ መኪና በሰዓት ገደብ ስለሚገባ ብዙው ሙሌት በሌሊት ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያይ ሰው ጥቂት ነው። ተቆጣጣሪው ግን አለ። እርጥቡ ኩብ ላይ ቀኑን በምስማር የሚጭረውም ብዙ ጊዜ እርሱ ነው።

በ28ኛው ቀን ኩቡ ከሚፈለገው በላይ ተሸክሞ ይመጣል። ውጤቱ ከክፍያ ሰነዱ ጋር ይታሰራል፤ ክፍያው ይለቀቃል። የተፈተነው ኩቡ ነው። ሰው የሚተኛበትን ሶሌታ የፈተነው የለም።

ተቆጣጣሪው ለምን ዝም ይላል? ቀላሉ መልስ ጉቦ በልቷል የሚለው ነው። አንዳንዱ በልቷል፤ አልክድም። ነገር ግን አንዲት ሳንቲም ያልነካውም ዝም ይላል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው።

ሁለት ዓይነት ዝምታ አለ። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለውን ልጀምር። ተቋራጩ ዋጋ የሚሞላበትን የሥራ ዝርዝር የመጀመሪያ ገጾች ብትገልጡ ለመሐንዲሱ አገልግሎት በሚል ርእስ ሥር ቢሮ፣ ጠረጴዛ፣ ኮምፒውተር፣ አንዳንዴም መኪና ከነሹፌሩና ከነነዳጁ ተዘርዝሮ ታገኛላችሁ። አቅራቢው ተቋራጩ ነው። ጠዋት የምሰሶውን ስታፋ፣ ዋናዎቹን ብረቶች ዙሪያቸውን የሚይዘውን ቀለበት፣ ቆጥሮ ጎድሏል ብሎ ሙሌት ያስቆመ መሐንዲስ ከሰዓት በኋላ ወደ ላቦራቶሪ ሊሄድ ሲነሣ ነዳጅ አልቋል ይባላል። በማግስቱ ሹፌሩ ታሟል። በሦስተኛው ቀን ፕሪንተሩ ቀለም የለውም። ይህን ማንም ጉቦ ሊለው አይችልም፤ ጨረታ የወጣበት፣ ዋጋ የተሞላበት፣ ማኅተም ያረፈበት የውል አካል ነው። እናንተ ራሳችሁ ያጸደቃችሁት ነው ብል ድፍረት አይሆንብኝም። ተቆጣጣሪው በሚቆጣጠረው ሰው ኩራዝ እያነበበ ነው የሚሠራው።

በግል ሥራ ላይ ያለው ዝምታ ከዚህ ይከፋል፤ ምክንያቱም እዚያ ማስመሰልም አያስፈልግም። ቤት ሠርቶ የሚሸጥ ድርጅት ንድፉን የሚያሠራው ራሱ ነው፤ ግንባታውን የሚያካሂደው እርሱ ወይም እህት ኩባንያው ነው፤ ተቆጣጣሪውን የሚቀጥረውና ደመወዙን የሚቆርጥለትም እርሱ ነው። ከዘጠነኛው ፎቅ ሦስት መኝታ ቤት የገዛው ሰው፣ ውጭ አገር ሠርቶ ያጠራቀመውን የላከው ሰው፣ በዚህ ክበብ ውስጥ ወንበር የለውም። አደጋው የእርሱ ነው፤ ቁጥጥሩ ግን ከሻጩ ደመወዝ በሚቀበል ሰው እጅ ነው።

እቁብ የጣለ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል። ዕጣ ደርሶት ገንዘብ ሊወስድ የመጣ ሰው ዋስ ሲጠየቅ፣ ዕጣው ቀድሞ ከወጣለት ሰው ይልቅ ገንዘቡ ገና እቁቡ ውስጥ ያለ ሰው ይፈለጋል። ዋስትና ሚዛን እንዲኖረው ዋሱ የሚያጣው ነገር ሊኖር ይገባል። የሰፈር እቁብ ያወቀውን የብዙ ሚሊዮን ብር ግንባታ አለማወቁ ያስገርማል።

የሕግ ክፍተት አለ ለማለት ግን እቸገራለሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ወኪል የወካዩን ጥቅም ብቻ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፤ ወኪሉ ከራሱ ጋር የተዋዋለ እንደሆነም ወካዩ ውሉን ማስፈረስ ይችላል። ተቋራጩም ሕንፃውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ለጥንካሬው ኃላፊ ነው። ከ2001 ዓ.ም. የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ጀምሮ የተመዘገበ ባለሙያ ያልፈረመበት ንድፍ አይጸድቅም፤ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር የሕንፃ ሹም የሚባል ኃላፊም ተደራጅቷል። የመንግሥት ግዥ መደበኛ የጨረታ ሰነዶች ንድፉን ካዘጋጀው አማካሪ ጋር የተቆራኘ ተጫራች እንዲወጣ ያዝዛሉ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገብ አዋጅ ቁጥር 668 ደግሞ ሹመኛውንና ሠራተኛውን ይመለከታል። ሁሉም የየራሱን ጥግ ይዟል። ከአሠሪው ደመወዝ፣ ከተቋራጩ ነዳጅ የሚቀበለው የግል ተቆጣጣሪ ግን በሁሉም ጥጎች መሀል በተረፈው ቦታ ላይ ቆሟል።

ዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን፣ ፊዲክ የምንለው፣ በዚሁ ጥያቄ ሲወዛገብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው የውል ቅጽ መሐንዲሱ ገለልተኛ እንዲሆን አዘዘ፤ በ1999 እትም መሐንዲሱ የአሠሪው ሰው መሆኑን አምኖ ውሳኔው ፍትሐዊ ይሁን አለ፤ በ2017 ገለልተኝነትን እንደገና አመጣ። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም ለማለት ነው። እነርሱ ግን ቢያንስ ይከራከሩበታል።

ስለ ፈቃድ ኪራይ ሳልናገር ባልፍ የሙያ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል። ተቋራጭ ደረጃውን ለማግኘትና ለማሳደስ በስሙ የተመዘገቡ ባለሙያዎች ማሳየት አለበት። ስለዚህ መሐንዲሱ የሙያ ፈቃዱን በዓመት ክፍያ ያከራያል፤ ድርጅቱን በእግሩ ረግጦት ላያውቅ ይችላል። አንድ ሰው ፈቃዱ በአንድ ተቋራጭ መዝገብ ውስጥ ተቀምጦ፣ በሌላ አማካሪ ስም ያንኑ ተቋራጭ ሊቆጣጠር እንደሚችል አስቡት። ሁለቱ መዝገቦች በሁለት የተለያዩ ፋይሎች ስለሚቀመጡ የሚያገናኛቸው የለም። በክፍለ ከተማ ቀን ንድፍ መርምሮ የሚያጸድቅ፣ ማታ ደግሞ በሌላ ባለሙያ ማኅተም ንድፍ የሚሠራ ሠራተኛ አለ የሚለውም በሙያው ውስጥ ላለ ሰው አዲስ ወሬ አይደለም። የደመወዙን መጠን ስሰማ አዝንለታለሁ፤ ራሱ የሠራውን ንድፍ ራሱ ሲያጸድቅ ግን አላዝንለትም።

ይህን ሁሉ አሁን ለማንሣት ያነሣሣኝ መሬቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ በተደጋጋሚ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ በፎቅ ላይ የሚኖሩ ሰዎች ልጆቻቸውን አቅፈው በደረጃ ወርደዋል። ከተማዋ በስምጥ ሸለቆው ዳር እንደተቀመጠች የተረዳነው ያን ሰሞን አይደለም፤ የግንባታ ኮዳችንም የመንቀጥቀጥ ምዕራፍ አለው። ኮዱ ግን የሚሠራው ስታፋው በተጻፈው ርቀት ከታሰረ ነው። በምሰሶና በሶሌታ መገናኛ ላይ ስታፋ ማሰር አስቸጋሪ ስለሆነ ፌሮ ሠራተኛው ሁለት ሦስቱን ይዘላል። ከተሞላ በኋላ አይታይም። የሚያየው ከሙሌቱ በፊት ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ የቆመው ተቆጣጣሪ ብቻ ነው፤ እርሱም ነገ ደመወዝ የሚጠብቀው ከማን እንደሆነ ያውቃል።

ቱርክ ከእ.ኤ.አ. 1999 የማርማራ ርዕደ መሬት በኋላ፣ በ2001 ባወጣችው ሕግ ግንባታን የሚቆጣጠሩ የግል ድርጅቶች አቋቋመች። ድርጅቶቹን የሚመርጠው ግን የሚገነባው ወገን ራሱ ስለነበር ነገሩ ዞሮ እዚያው ገባ። ከ2019 መጀመሪያ አንሥቶ ምደባው በሚኒስቴሩ የኤሌክትሮኒክ ሥርዓት፣ በዕጣ እንዲሆን ተደረገ። ገንቢው ክፍያውን ይከፍላል፤ ሰውየውን ግን አይመርጥም። ለኮንዶሚኒየም በዕጣ የተሰለፈች ከተማ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

የምጠይቃችሁም ከዚህ የራቀ አይደለም። ከፍታቸው ከ12 ሜትር በላይ በሆኑ ሕንፃዎች፣ ቢያንስ ለሽያጭ በሚሠሩት ላይ፣ ተቆጣጣሪው ከተመዘገቡ አማካሪዎች መካከል በዕጣ ይመደብ። ክፍያው ግንባታው ሲፈቀድ በዝግ ሒሳብ ይቀመጥና በየደረጃው በሕንፃ ሹሙ ፈቃድ ይለቀቅ። የኩብ ናሙናውን ላቦራቶሪው በራሱ ባለሙያ፣ ከሚክሰሩ አፍ ይቅዳ፤ ውጤቱም በተቋራጩ እጅ ሳያልፍ ለሕንፃ ሹሙ ይድረስ። የባለሙያዎች ፈቃድ በየትኛው ድርጅት ስም እንደተመዘገበ ማንም ሰው ቁጥሩን አስገብቶ ማየት ይቻለው።

ዕጣና ዝግ ሒሳብ ሲባል አዲስ የሙስና መስኮት መክፈት ነው የሚሉኝ አሉ። እውነት አላቸው፤ ሒሳቡን የሚለቀው ሰውም እጅ አለው። ሆኖም ክፍያ ያዘገየ ሹም ፊርማና ቀን ያለበት ዱካ ይተዋል፤ በነዳጅ የሚደረገው ጫና ግን ዱካ የለውም። ከሁለቱ መጥፎዎች ዱካ ያለውን እመርጣለሁ።

ዝምድናን ስለመከልከል ግን አልጠይቅም። አገሩ ትንሽ ነው። እኛ መሐንዲሶች ከልደታው ሕንፃ ኮሌጅ ወይም ከአምስት ኪሎ፣ ከአንድ ሁለት በር የወጣን ነን፤ አሠሪውን ወክሎ የሚፈርመው የክፍል ጓደኛዬ፣ የተቋራጩ ሥራ አስኪያጅ ሚዜዬ ሊሆን ይችላል። ዝምድና የሌለው ሰው ይምጣ ብንል ሥራው ይቆማል፤ ወይም ሁሉም ይዋሻል። ማሳወቅ ግን ይቻላል። የግንባታ ፈቃድ ሲጠየቅ አሠሪው፣ አማካሪው፣ ተቋራጩና ላቦራቶሪው የባለቤትነት፣ የሥጋና የጋብቻ ዝምድና፣ ካለፉት ዓመታት የጋራ ሥራም ያላቸውን በአንድ ገጽ ጽፈው ይፈርሙ። ያ ገጽ ከፈቃዱ ጋር ለሕዝብ ክፍት ይሁን፤ አጥሩ ላይ ባለው ሰሌዳም አራተኛ መስመር ሆኖ ይጻፍ። ዋሽቶ የፈረመ ፈቃዱን ይጣ።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ደንብ፣ አንዳንዶቹም ምናልባት አዋጅ ይፈልጉ ይሆናል፤ ጊዜ እንደሚወስዱ ይገባኛል። አንዱ ግን ጊዜ አይፈልግም። ለመሐንዲሱ አገልግሎት የሚለውን ርእስ ከተቋራጩ የሥራ ዝርዝር አውጥታችሁ በአማካሪው ውል ውስጥ አስገቡት። ገንዘቡ ያው የመንግሥት ገንዘብ ነው፤ የሚያልፍበት እጅ ብቻ ይለወጣል። በሚቀጥለው ጨረታ መጀመር ትችላላችሁ፤ መቼ እንደምትጀምሩም በይፋ ብታሳውቁን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንድ ሲቪል መሐንዲስ፣ አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
ለፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን
ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር የግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን