«ሕግ ሆነ» ከማለታችሁ በፊት ደረጃውን ንገሩን

ለተከበሩ የዝግጅት ክፍሉ ኃላፊ፣

ስለ አውሮፓ ኅብረት በሚወጡ ዜናዎች ላይ «ኅብረቱ አዲስ ሕግ አወጣ» የሚል ርዕስ በተደጋጋሚ ይታያል። ወደ ውስጥ ገብተው ሲያነቡት አንዳንዴ ገና ኮሚሽኑ (የኅብረቱ አስፈጻሚ አካል) ያቀረበው ረቂቅ ነው፤ አንዳንዴ ፓርላማው ያሳለፈው አስገዳጅነት የሌለው የውሳኔ ሐሳብ ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ከታተመ ዓመት አልፎት መፈጸም ያልጀመረ ደንብ ሆኖ ይገኛል። ሦስቱም በአንድ ስም ሲጠሩ ወደዚያ ገበያ ዕቃ የሚልክ ነጋዴ ያለጊዜው ይደነግጣል ወይም ያለጊዜው ይዘናጋል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በየዜናው ሕጉ ምን ዓይነት እንደሆነና የትኛው ደረጃ ላይ እንደደረሰ ይጻፍልን። ምክንያቴን ላስረዳ፤ ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኅብረቱ አሠራር ሕግ የማመንጨት ሥልጣን፣ ከጥቂት ጉዳዮች በቀር፣ የአውሮፓ ኮሚሽን ነው። ፓርላማው ሕዝብ የመረጣቸው 720 አባላት ቢኖሩትም ራሱ ረቂቅ አያቀርብም፤ ኮሚሽኑን «አዘጋጅልን» ብሎ መጠየቅ ነው የሚችለው፤ ኮሚሽኑም ምክንያቱን ገልጾ እምቢ ሊል ይችላል። ረቂቁ ሲወጣ ለአባል አገራት ሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ይላካል። ጉዳዩን አገራቱ በራሳቸው ሊወጡት ሲችሉ ኅብረቱ እጁን ማስገባቱ አግባብ አይደለም የሚሉ ከሆነ በስምንት ሳምንት ውስጥ በጽሑፍ ያሳውቃሉ። የእያንዳንዱ አገር ምክር ቤት ሁለት ድምፅ አለው። ከጠቅላላው ድምፅ አንድ ሦስተኛው ተቃውሞ ከሆነ ኮሚሽኑ ረቂቁን መልሶ ማየት አለበት። መልሶ ማየት እንጂ መሰረዝ ግዴታው አይደለም፤ እንዳለ ሊያስቀጥለውም ይችላል። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ወረቀት ማንንም አያስገድድም፤ መንገዱም ረጅም ነው። የግል መረጃ ጥበቃ ደንቡን ኮሚሽኑ ያቀረበው በጃንዋሪ 2012 ነበር፤ የጸደቀው በኤፕሪል 2016፣ ተፈጻሚ መሆን የጀመረው ደግሞ በሜይ 25 ቀን 2018 ነው።

ረቂቁ ቀጥሎ ለፓርላማውና ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ይቀርባል። ምክር ቤቱ የ27ቱ አገራት ሚኒስትሮች የሚቀመጡበት ነው፤ ጉዳዩ የእርሻ ከሆነ የግብርና ሚኒስትሮች፣ የግብር ከሆነ የገንዘብ ሚኒስትሮች ይመጣሉ። በተለመደው አሠራር ሁለቱም አንድ ዓይነት ጽሑፍ ካላጸደቁ ሕግ የለም። በወረቀት ላይ እስከ ሦስት ንባብ፣ ማለትም ረቂቁ በሁለቱ ዘንድ እስከሚታይበት ሦስተኛ ዙር፣ መሄድ ይቻላል፤ በተግባር ግን አብዛኛው ጉዳይ በአንደኛው ንባብ ያልቃል፤ ዋናው ድርድር ከንባቡ በፊት በር ተዘግቶ ስለሚካሄድ ነው። የኮሚሽኑ፣ የፓርላማውና የምክር ቤቱ ተወካዮች በሚገናኙበት በዚህ የሦስትዮሽ ድርድር ጠረጴዛው ላይ ያለው ሰነድ አራት ዓምዶች አሉት። በአንደኛው የኮሚሽኑ ረቂቅ፣ በሁለተኛው የፓርላማው አቋም፣ በሦስተኛው የምክር ቤቱ አቋም ጎን ለጎን ይሰፍራሉ። አራተኛው ባዶ ሆኖ ይጀምርና መግባባት በተደረሰ ቁጥር እየተሞላ ይሄዳል። የሕጉ ዕጣ የሚወሰነው እዚያ አራተኛ ዓምድ ላይ ነው፤ «አለበት» የነበረው «ይችላል» ሆኖ የሚወጣው፣ የሁለት ዓመቱ ጊዜ አራት ዓመት የሚሆነው እዚያ ነው። በእኔ አስተያየት የኅብረቱ ሕግ አወጣጥ ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው። ማን ምን እንደለቀቀና በምን ምትክ እንደለቀቀ ውጪ ያለ ሰው የሚሰማው ካለቀ በኋላ ነው። የኅብረቱ ጠቅላላ ፍርድ ቤት በማርች 2018 የአራተኛው ዓምድ ይዘት በጅምላ ሊደበቅ አይገባም ብሎ ፈርዷል፤ ይሁንና ጠያቂው አመልክቶ ሰነዱ እስኪደርሰው ድርድሩ ሊያልቅ ይችላል።

ከድርድሩ የሚወጣው «ጊዜያዊ ስምምነት» ይባላል። አብዛኛው ጋዜጣ «ጸደቀ» የሚለው ይህን ነው። ገና አልጸደቀም። የተፈጥሮ ሀብትን ወደነበረበት የመመለስ ደንቡ ይህን በደንብ ያሳያል። ተደራዳሪዎቹ በኖቬምበር 2023 ተስማሙ፤ ፓርላማው በፌብሩዋሪ 2024 በ329 ድጋፍና በ275 ተቃውሞ አሳለፈው። የቀረው የሚኒስትሮቹ ድምፅ ነበር፤ ያም እንዲሁ የወግ ያህል ይታይ ነበር። በማርች ግን ሃንጋሪ ድጋፏን አነሳችና ጉዳዩ ቆመ።

የቆመበት ምክንያት ቀመሩ ነው። ኮሚሽኑ ባቀረበው ረቂቅ ላይ ምክር ቤቱ ሲወስን ከአገራቱ 55 በመቶ፣ ማለትም ከ27ቱ 15ቱ፣ መደገፍ አለባቸው፤ እነዚያ ደጋፊዎች ደግሞ ከኅብረቱ ሕዝብ 65 በመቶውን መወከል አለባቸው። ለማገድ ቢያንስ አራት አገራት ሆነው ከ35 በመቶ በላይ ሕዝብ መያዝ በቂ ነው። በጁን 17 ቀን 2024 ድምፅ ሲሰጥ 20 አገራት ደገፉ፣ ስድስት ተቃወሙ፣ ቤልጂየም ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። የአገራቱ ቁጥር ከበቂ በላይ ነበር፤ የደጋፊዎቹ ሕዝብ ግን 66.07 በመቶ ብቻ። ኦስትሪያ ከኅብረቱ ሕዝብ 2 በመቶ ገደማ አላት። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ሌኦኖሬ ጌቬስለር የገዛ አገራቸው መራሔ መንግሥት እየተቃወሙ ድጋፍ ባይሰጡ ኖሮ ሒሳቡ 64 ላይ ይቀርና ደንቡ ይወድቅ ነበር። በኖቬምበር «ሕግ ሆነ» ብሎ የዘገበ ጋዜጣ ሰባት ወር ቀድሞ ተሳስቷል ማለት ነው።

ስለ ድምፀ ተአቅቦም አንድ ነገር ልበል፤ በዜና ላይ «ገለልተኛ ሆነች» እየተባለ ይጻፋልና። በዚህ ቀመር ገለልተኛ የሚባል የለም። ከደጋፊው ወገን ያልተቆጠረ ሁሉ ውጤቱ የተቃዋሚ ነው። ግብርና የውጭ ፖሊሲን በመሳሰሉ የሙሉ ስምምነት ጉዳዮች ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ድምፀ ተአቅቦ ውሳኔውን አያግድም፤ የሚያግደው በግልጽ «አልስማማም» ማለት ብቻ ነው። መንግሥታት ይህን ልዩነት አውቀው ይጠቀሙበታል። በአገራቸው ሕዝብ ፊት የደገፉ እንዳይመስሉ፣ ሕጉንም እንዳያሰናክሉ ሲፈልጉ ምቹ መውጫ ነው።

በዜና ላይ ከሕግ አውጪዎቹ ጋር የሚምታቱ ሌሎችም አሉ። የአባል አገራቱ መሪዎች ጉባኤ ሕግ እንደማያወጣ በመመሥረቻ ስምምነቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ አቅጣጫ ያስቀምጣል እንጂ። ፓርላማው ስለ ሌላ አገር ሁኔታ የሚያሳልፈው የውሳኔ ሐሳብም ፖለቲካዊ ክብደት ቢኖረው የሕግ ኃይል የለውም። ስትራስቡርግ የሚገኘውና 46 አባላት ያሉት የአውሮፓ ምክር ቤት ደግሞ ጭራሽ ሌላ ድርጅት ነው፤ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤቱ የእሱ ነው። የኅብረቱ ፍርድ ቤት ሉክሰምበርግ ነው ያለው።

ወደ ጸደቀው ሕግ ልመለስ። ከጊዜያዊ ስምምነቱ በኋላ ጽሑፉ የሕግም የቋንቋም ባለሙያ በሆኑ ሰዎች እጅ ይገባል፤ በ24ቱ የሥራ ቋንቋዎች አንድ ዓይነት ትርጉም እንዲኖረው ይስተካከላል። በዚህ ጊዜ የአንቀጾቹ ተራ ቁጥር ይቀያየራል። ስለዚህ ከጊዜያዊው ጽሑፍ «አንቀጽ ይህን ያህል» ብሎ የጠቀሰ ሰው በመጨረሻው ሕግ ላይ ሌላ ነገር ያገኛል። ከዚያ በኅብረቱ ይፋዊ ጋዜጣ ይታተማል። ሕጉ ራሱ ሌላ ቀን ካልጠቀሰ በታተመ በሃያኛው ቀን ይጸናል።

አሁንም አላለቀም፤ ከባዱ ስህተት እዚህ ነው የሚሠራው። ሕጉ የሚጸናበት ቀንና ግዴታው የሚጀምርበት ቀን ይለያያሉ። ቡና፣ ካካዎ፣ የቀንድ ከብት፣ አኩሪ አተር፣ ጎማ፣ የፓልም ዘይትና እንጨት የሚመለከተውን የደን ጭፍጨፋ መከላከያ ደንብ፣ ቁጥር 2023/1115፣ እንይ። በሜይ 31 ቀን 2023 ወጣ፣ በጁን 9 ታተመ፣ በጁን 29 ጸና። በነጋዴው ላይ ግን ግዴታው እንዲጀምር የተወሰነው በዲሴምበር 30 ቀን 2024 ነበር። ያም ሳይደርስ በአንድ ዓመት ተራዘመ፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ እንደገና ወደ ዲሴምበር 30 ቀን 2026 ተገፋ፤ ለጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች እስከ ጁን 30 ቀን 2027 ድረስ። እያንዳንዱ ማራዘሚያ ራሱን የቻለ ሕግ ነው፤ ፓርላማውና ምክር ቤቱ እንደገና ድምፅ ሰጥተውበታል። ኮሚሽኑ በደብዳቤ ሊያራዝመው አይችልም።

«ተራዘመ» የሚለውን ዜና ያነበበ ሰው የሚስተው ደግሞ ያልተራዘመውን ነው። ምርቱ የበቀለበት መሬት ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮበት ከሆነ ምርቱ አይገባም፤ ይህች ቀን አልተነካችም። የማሳው መገኛም እንዲሁ በኬንትሮስና በኬክሮስ ይመዘገባል፤ ቢያንስ ስድስት የአሥርዮሽ አኃዝ ያስፈልጋል። ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ የእርሻ ማሳ ዙሪያው በሙሉ ይለካል፤ ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። የትኛው አገር ምን ያህል ሥጋት አለበት የሚለው ዝርዝር በደንቡ ውስጥ የለም፤ ኮሚሽኑ በሜይ 2025 በማስፈጸሚያ ሕግ አውጥቶታል። ከዚያ ዝርዝር የሚመነጨው ልዩነት ቀላል አይደለም። ሥጋቱ ዝቅተኛ ከተባለ አገር ከሚያስገቡት ነጋዴዎች 1 በመቶው ይፈተሻሉ፣ ከመካከለኛው 3 በመቶ፣ ከከፍተኛው 9 በመቶ። እንዲህ ያለው ማስፈጸሚያ ሕግ በዋናው ሕግ ጥላ ሥር ስለሚወጣ ዜና አይሆንም፤ ነጋዴውን ግን ከዋናው ባልተናነሰ ይነካል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ደንብ ነው። ደንብ በ27ቱም አገራት፣ አገር ውስጥ እንደገና ሕግ ሳይወጣለት፣ እንዳለ ይሠራል። መመሪያ የሚባለው ሌላው ዓይነት የሚያዘው መንግሥታቱን ነው። ውጤቱን ይነግራቸዋል፣ ቀነ ገደብ ይሰጣቸዋል፤ እነሱ በየራሳቸው ሕግ ይጽፉታል። አንድ ጊዜ ብቻ ጥቅም ላይ የሚውሉ ፕላስቲኮችን የሚመለከተው መመሪያ፣ ቁጥር 2019/904፣ በጁን 2019 ወጣ፤ አገራቱ እስከ ጁላይ 3 ቀን 2021 የራሳቸውን ሕግ እንዲያወጡ ታዘዙ። የጠርሙስ ክዳን ከጠርሙሱ እንዳይለይ የሚለው ክፍል ግን ፋብሪካ ማሽን መቀየር ስላለበት እስከ ጁላይ 3 ቀን 2024 ጊዜ ተሰጠው። እሱም እስከ 3 ሊትር ለሚይዝ የመጠጥ ዕቃ ነው፤ የፕላስቲክ ክዳን ያለውን የብርጭቆ ወይም የብረት ጠርሙስ አይነካም። የጣሰ ምን ያህል ይቀጣል ቢባል መልሱ አገር በአገር ይለያያል፤ መመሪያው የቅጣቱን መጠን ለየመንግሥቱ ትቶታልና። ስለዚህ ስለ መመሪያ ሲዘገብ «ኅብረቱ ይህን ያህል ዩሮ ሊቀጣ ነው» ማለት ትርጉም የለውም፤ የየትኛው አገር ሕግ እንደሆነ መጠቀስ አለበት።

መንግሥት ቀነ ገደቡን ካሳለፈስ? መመሪያው ግልጽና ያለቅድመ ሁኔታ መብት የሚሰጥ ከሆነ ዜጋው በመንግሥቱ ላይ በቀጥታ ሊጠቅሰው ይችላል፤ በግል አሠሪው ላይ ግን አይችልም። ጣሊያን የከሰረ ድርጅት ሠራተኞችን ደመወዝ የሚያስጠብቅ መመሪያ ሳትፈጽም በመቅረቷ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በ1991 በፍራንኮቪች ጉዳይ መንግሥት ራሱ ኪሣራ እንዲከፍል መንገድ ከፈተ። በ1963 የቫን ገንድ ኤን ሎስ ፍርድ፣ ከጀርመን ኬሚካል ባስገባ ድርጅት ላይ ኔዘርላንድስ ቀረጡን ከ3 ወደ 8 በመቶ በማሳደጓ ነበር ክርክሩ የተነሳው፤ ግለሰብ የኅብረቱን ሕግ በአገሩ ዳኛ ፊት ሊጠቅስ እንደሚችል የተረጋገጠው ያኔ ነው። ጥያቄውን ወደ ሉክሰምበርግ የላከው የኔዘርላንድስ ዳኛ እንጂ ድርጅቱ አልነበረም። ዛሬም እንደዚያው ነው። ዳኛው ክርክሩን አቁሞ ይጠይቃል፣ መልሱ ሲመጣ ፍርዱን ራሱ ይሰጣል፤ ከኅብረቱ ሕግ ጋር የሚጋጭ የአገሩን ሕግም ፓርላማው እስኪሽረው ሳይጠብቅ ወደ ጎን ይተዋል።

አሻፈረኝ ባለ አገር ላይ ቅጣት የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። ኮሚሽኑ መጀመሪያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ቀጥሎ ምክንያት የተሰጠበት አስተያየት ይልካል፤ ከዚያ ይከስሳል። የመጀመሪያው ፍርድ «ጥሰሃል» ይላል እንጂ ብር አይቆርጥም፤ ልዩ ሁኔታው አገሩ መመሪያውን ወደ ሕጉ ማስገባቱን ጭራሽ ያላሳወቀ ሲሆን ነው፤ ያኔ በመጀመሪያውም ይቀጣል። ሃንጋሪ በጥገኝነት ጠያቂዎች አያያዝ በዲሴምበር 2020 ተፈረደባት፤ ስላልፈጸመች በጁን 13 ቀን 2024 በሁለተኛው ፍርድ 200 ሚሊዮን ዩሮ በአንድ ጊዜ፣ እስክትፈጽም ድረስ ደግሞ በየቀኑ 1 ሚሊዮን ዩሮ ተወሰነባት። አልከፈለችም፤ ኮሚሽኑም ከኅብረቱ በጀት ከሚደርሳት ገንዘብ ላይ መቀነስ ጀመረ። «ኅብረቱ አገር ቀጣ» የሚል ዜና በእጃችሁ ሲገባ እንግዲህ የመጀመሪያው ፍርድ ነው ወይስ ሁለተኛው ብላችሁ ጠይቁልን።

ከሰላምታ ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ