መጽሐፉን ከድነሽ ንገሪኝ

ባሕር ዳር፣ ሐምሌ 20

እህት ዓለም፣

እንደምን ከርመሻል? እናትሽስ ደህና ናቸው? ትንሹ ወንድምሽስ? ክረምቱ ደምበጫ ላይ እንዴት ይዟችኋል?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ ይገርምሽ ይሆናል። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው፣ መንገድ ተዘግቶ ነው ብዬ ማሳበብ እችላለሁ። ሁለቱም ሆነዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤት የመጣ ቀን እኔ አልፌ አንቺ ስትቀሪ ምን ብዬ እንደማጽናናሽ ጠፋኝ። ነገ እደውላለሁ ስል ሳምንት ሆነ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ከዚያ በኋላ አፈርኩ። ይቅር በይኝ።

ትናንት እናቴ ደውላ «በመጨረሻ እሷም ሜዲስን ደረሳት እኮ!» ስትለኝ ዶርም ውስጥ እልል አልኩ። ቀጥላ ደግሞ «ከቤት አትወጣም አሉ፣ ጡብ የሚያህል መጽሐፍ ይዛ ሌሊቱን ታነጋዋለች» አለችኝ። ይሄን ስሰማ ነው ሳልጽፍልሽ ማደር ያቃተኝ።

አምና እኔም እንደዚሁ ነበርኩ። አናቶሚን፣ የሰውነት አወቃቀር ትምህርቱን፣ ቀድሜ ልጨርስ ብዬ ሁለት ወር ስልኬ ላይ ፒዲኤፍ ስሸመድድ ከረምኩ። 206ቱን አጥንት በየስማቸው። የእጅ አንጓን ስምንት ትንንሽ አጥንቶች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ እወጣቸው ነበር። ትምህርት ሲጀመር ያን ሁሉ ከነጡንቻው፣ ከነደም ሥሩ፣ ከነነርቩ በጥቂት ሳምንት አልፈውት ሄዱ። በመጀመሪያው ስፖት ፈተና፣ የተቀመጠውን አካል እያየን በምንመልሰው፣ ጠረጴዛው ላይ የጭን አጥንት ተቀምጧል። ጥያቄው አንድ ነው፤ የቀኝ ነው የግራ? ስሙን አውቃለሁ። ይሄን ግን አላውቅም። ለካ ክቡን ራስ ወደ ዳሌ፣ ሸካራውን መስመር ወደ ኋላ አድርጎ በራስ ጭን ልክ ማሰብ ነው። ስልክ ላይ ያለ አጥንት አይገላበጥም። እጅሽ እስኪነካው ድረስ ስሞቹን አትሸምድጂ፣ ይተናሉ።

ክረምቱን ዝም ብለሽ አሳልፊው ማለቴ አይደለም። የቃላቱን ሥር መፍታት በጣም ጠቅሞኛል። ኔፍሮ ኩላሊት ነው፣ ሄፓቶ ጉበት፣ ካርዲዮ ልብ። መጨረሻው ላይ አይቲስ ካለ ያ አካል ተቆጥቷል፣ ብግነት አለው ማለት ነው። እንግዲህ ሄፓታይቲስ ራሱን ፈታልሽ፤ ኔፍራይቲስም እንደዚሁ። መጽሐፉ ማስፈራራቱን ይቀንሳል።

አጠናኑን ደግሞ ከቅኔ ተማሪዎች ውሰጂ። ዋሸራና ዲማ ቅኔ ቤት ያሉት ከየኔታ የሰሙትን ያለ መጽሐፍ በቃላቸው ይደግማሉ። እኔ ቀለም እየቀባሁ አሥር ጊዜ አነብ ነበር፤ ዓይኔ ስለለመደው ብቻ የገባኝ ይመስለኛል። አሁን አንድ ገጽ አንብቤ እከድነዋለሁ። ከዚያ ባዶ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። የጎደለው ያኔ ይታያል። በልብ ጀምሪ፤ ደሙ ከሰውነት ተመልሶ በቀኝ በኩል ይገባል፣ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ከሳንባ በግራ በኩል ተመልሶ ወደ መላ ሰውነት ይረጫል። ለወንድምሽ በአማርኛ ንገሪው። እሱ ከገባው ገብቶሻል።

ይሄን የምልሽ ያለ ምክንያት አይደለም። አምና አያቴ ቡና እያፈላች «እስቲ ምን ይላል፣ ለእኔም ንገሪኝ» አለችኝ። «እንግሊዝኛ ነው እምዬ፣ አይገባሽም» አልኳት። ዝም አለች። እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ለካ ያልገባው ለእኔ ኖሯል። ቢገባኝማ እነግራት ነበር።

እሷ ግን ስንት ነገር ታስተምረኝ ነበር! «ኩላሊቴን» ስትል ወገቧን ይዛ ነው። ምች፣ ብርድ፣ ውጋት፣ ቁርጥማት ስትል እያንዳንዱ የት እንደሚሰማት ጠይቄያት አላውቅም። ነገ ካርድ ይዘው ፊትሽ የሚቀመጡት እናቶች በዚህ ቋንቋ ነው የሚነግሩሽ። «ኩላሊቴን» ያሉሽ እናት ወገባቸውን ይሁን ኩላሊታቸውን ያመማቸው፣ ጠይቀሽ የምትለዪው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ከእናትሽ ጋር ጤፉን አርሚ። ቡናው ላይ ተቀመጪ። ሰው ሲያመው ምን እንደሚል ስሚ። እንቅልፍም ተኚ፣ ኋላ ትናፍቂዋለሽ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ በፍልሰታ ለሦስት ቀን እመጣለሁ። ሁለት ጋውን አለኝ፤ አንዱን አጥቤ ተኩሼ አስቀምጬልሻለሁ። እጅጌው ትንሽ ይረዝምሽ ይሆናል፣ እናጥፈዋለን። አያቴ ጋ አብረን እንሄዳለን። የልብን መንገድ ልነግራት ነው። ከተሳሳትኩ አንቺ ታርሚኛለሽ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ