ድንኳን ያልተተከለለት አባትሽ

ልደታ፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለሚጣዬ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እናትሽም ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደህና ናት።

ከውጭ ለሚመጣ የተሻለ ሰው ሠራሽ እግር ብር ልላክ ብለሽኛል። አትላኪ። ምክንያቱን ልንገርሽ።

መኪና ሲገጨኝ አንቺ ባሕር ዳር ፈተና ላይ ስለነበርሽ ብዙውን አላየሽም። ጥቁር አንበሳ የተሰጠኝ ደም የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዱ ከረጢት 450 ሚሊ ሊትር ነው። ሰውየው ክንዱን ዘርግቶ ሰጥቶ ወደ ጉዳዩ ሄዷል፤ እኔን የት ያውቀኛል?

ከዚያ ቤት ገባሁ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት የለም። ሞቼ ቢሆን እድራችን በሰዓታት ውስጥ ድንኳን ተክሎ፣ ወንበር ደርድሮ፣ ንፍሮ ያስቀቅል ነበር። እግሩን አጥቶ ለተረፈ ሰው ግን ደንቡ ላይ አንቀጽ የለም። የእድሩ ዳኛ "ጋሼ፣ ምን ብለን እንመዝግብዎት?" ሲሉኝ ሁለታችንም ሳቅን። በኋላ ከደንቡ ውጪ አዋጡልኝ። እግሩን በነፃ የሠራልኝ በእርዳታ የሚተዳደር ማዕከል ነው፤ የእድሩ ብር ያለቀው በኮንትራት ታክሲ ነው። እግር እንደ ጫማ ገዝተሽ የምታጠልቂው መስሎሽ ይሆናል። መጀመሪያ የተቆረጠው ጫፍ እብጠቱ እስኪጎድል በፋሻ ይታሰራል፤ ከዚያ ቅርጹ በጀሶ ይወሰዳል፣ ይሞከራል፣ ይታረማል። ሥጋው ሲከሳ ደግሞ ጫፉ የሚገባበት ማቀፊያ ይሰፋና እንደገና ሂድ ትባያለሽ።

ከደረጃው ያወረዱኝና ያወጡኝ እነዚያ "ሥራ ፈቶች" የምላቸው የብሎካችን ልጆች ናቸው። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አራት ወር ሙሉ! የሻይ እንኳ አልቀበል አሉኝ። (ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፤ ሁሌም ስለ እነሱ ትሟገተኝ ነበር።)

ብረት ይዤ መራመድ ስማር በበጎ ፈቃድ የምትመጣ ተማሪ ነበረች። ስወድቅ ቶሎ አታነሳኝም። ስቆጣት "ቤትዎ ሲወድቁ እኔ የለሁም" አለችኝ። የሌለው አውራ ጣቴ ሲያሳክከኝ ያበድኩ መስሎኝ ደብቄ ነበር፤ ብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ የነገረችኝም እሷ ናት።

አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ሽባ ሲሆን ለሕክምና እንግሊዝ አገር ድረስ ተወስዷል፤ በኋላም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ተወዳድሯል። እኔ ከልደታ ብዙም ሳልርቅ በእግሬ ቆምኩ። ግን ከክፍለ ሀገር የመጣ አንድ ገበሬ አጠገቤ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። እግሩ ለእሱም በነፃ ነው፤ ማደሪያና ምግቡ ግን ከኪሱ። ስንቁ አለቀበትና ሳይለካ በክራንቹ ተመለሰ።

ያሰብሽው ብር ለእንደዚያ ዓይነቱ ሰው መኝታና መሳፈሪያ ይሁን፤ ከማዕከሉ ጋር እኔ እነጋገራለሁ። የእኔ እግር ገና ይሠራል። አንቺ ደግሞ ባሕር ዳር ደም ባንክ ሂጂ፤ በየሦስት ወሩ መስጠት ይቻላል። መርፌ እንደምትፈሪ አውቃለሁ። ፊትሽን አዙሪ።

አባትሽ