አባዬ፣ ኖት አይጮኽም

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ሙቀቱ እንዴት አደረገህ? አልጋህን በረንዳ ላይ አውጥተህ እንደምትተኛ አውቃለሁ። አጎበሩን ግን አትርሳ፣ የድሬ ወባ ሽማግሌ አይምርም። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፣ ክብሩ ይስፋ። ትልቁ ቁመቱ እኔን አልፏል። ትንሿ የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ አያቴ ያየኛል ብላ በቪዲዮ ስንደውል ትደበቃለች። አማርኛዋ እየተሻሻለ ነው። ባለፈው ሳምንት ለአስተማሪዋ "አቦ ተወኝ" ብላዋለች፤ ከየት እንደሰማችው አንተ ታውቃለህ።

ደብዳቤውን በትልልቅ ፊደል የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ለምን እንደሆነ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የሚያስደስትህን ልንገርህ። እዚህ ዴንቨር ባንክ ሄደህ ሳንቲም በጥቅልል መግዛት ትችላለህ። በወረቀት የተጠቀለለ ነው። ባለ ሃምሳ ሳንቲሙ 20 ፍሬ ይይዛል፣ 10 ዶላር ማለት ነው። ሙሉ ሣጥን ከፈለግክ 50 ጥቅልል፣ 500 ዶላር። ሃምሳ ሳንቲም የሚገበያይበት ሰው ስለሌለ ቀድመህ ማዘዝ አለብህ። እኔና ልጆቹ ዓርብ ማታ ጠረጴዛው ላይ እንዘረግፈውና አንድ በአንድ እናያለን። የምንፈልገው ከብር ማዕድን የተሠራውን ነው። የተረፈውን መልሰን እንጠቀልልና ሌላ ቅርንጫፍ እናስገባዋለን፤ እዚያው ከመለስነው ያየነው ሳንቲም ተመልሶ እኛው ዘንድ ይመጣል።

የአንተ ሥራ እኮ ነው አባዬ። ባቡር ጣቢያ፣ ማታ ሒሳብ ዘግተህ፣ ከቀኑ ገቢ ውስጥ የጃንሆይን ሽልንግ ለይተህ፣ በምትኩ ከኪስህ ሌላ ገንዘብ ትተካ እንደነበር ስንቴ ነግረኸኛል። ከሸመንደፈር ገንዘብ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ይህን ለልጆቼ ነግሬያቸዋለሁ። ስላስተማርከኝ አመሰግንሃለሁ።

የእነሱን ደግሞ ላስረዳህ። ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው። እስከ 1964 የታተመው ሃምሳ ሳንቲም 90 በመቶ ብር ነው። ከ1965 እስከ 1970 ያለው 40 በመቶ። ከ1971 ጀምሮ ለመገበያያ የወጣው ብር የሚባል የለበትም። አስር ሳንቲሙና ሩቡ ዶላር ከ1964 በኋላ ባዶ ናቸው። ብር ተወዶ ሕዝቡ ሳንቲሙን ቤቱ እየደበቀ አስቸገረ፣ መንግሥት ሕግ አውጥቶ ብሩን በመዳብና በኒኬል ተካው። ልጆቹ ቀኑን እንኳን አያነቡም። ሃያውን ደርድረው ጠርዙን በጎን ያያሉ። መሃሉ ላይ ቡናማ መስመር ከዞረ ተራ ነው። ድፍን ነጭ ከሆነ ጩኸት ነው ቤቱ። አብዛኛው ቀን ግን ጩኸት የለም፣ ሁሉም ቡናማ ነው። ትልቁ ሲሰለቸው ትንሿ ግን ንቅንቅ አትልም። በዚህ በዚህ አንተን ናት።

1964ቱ ላይ ያለው ኬኔዲ ነው። በእኛ ኅዳር 1956 ሲገደል አንተ ሬዲዮ ስር ተቀምጠህ ነበር፣ ነግረኸኛል። ጃንሆይ መስከረም ላይ እንግዳው ነበሩ፣ ሁለት ወር ሳይሞላ ለቀብሩ ተመለሱ፣ ከደጎል ጎን ሆነው በእግር ሄዱ። ሳንቲሙን ትልቁ እጅ ላይ አድርጌ ይህንን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። ስልኩን ሳይነካ!

ትንሿ የምትወደው ግን ባለ አምስት ሳንቲሙን ነው። ከ1942 እስከ 1945 ኒኬሉ ለጦርነት ስለተፈለገ ሳንቲሙ ውስጥ 35 በመቶ ብር ጨመሩበት። እንዲለይ ደግሞ ከጀርባው፣ ከተሳለው ቤት ጉልላት በላይ፣ ትልቅ ፊደል አደረጉበት። ጥቁር ብሎ ያረጀ ይመስላል፣ ሰው ንቆ ያልፈዋል። "ፒ" ካለበት ፊላደልፊያ ታትሟል። አባዬ፣ በእኛ አቆጣጠር 1936 የሚለው የአንተም ሽልንግ በዚያው ጦርነት ጊዜ ፊላደልፊያ ነው የታተመው! አሜሪካኖቹ ናቸው ለጃንሆይ ያተሙላቸው። ይህን ሳነብ ተነስቼ ልደውልልህ ነበር፣ እዚያ ሌሊት ሆነብኝ።

አንተ ግን ቀን አታምንም ነበር። ጠገራው የትም ይታተም፣ መቼም ይታተም 1780 ይላል። ሽልንጉም በየትኛውም ዓመት ይውጣ 1936 ነው የሚለው። "ቀኑን ተይው፣ ድምፁን ስሚ" ትለኝ ነበር። በረንዳው እብነበረድ ላይ ትጥለዋለህ። ብሩ ቀጭን ድምፅ አውጥቶ ይቆያል፣ ተራው ቋ ብሎ ይቀራል። ዓይኔን በሻሽ አስረህ ስታስለየኝ ሰባት ዓመቴ ይሆን?

ከድምፁ ጋር ሳንቲሞችህ የነበሩበት የብስኩት ቆርቆሮም ይመጣብኛል። ይህን አንስቼብህ አላውቅም፣ ዛሬ ላንሳው።

ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አልጋው ስር የለም። አንተን ስጠይቅህ "እናትሽን ጠይቂያት" አልክ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ "አባትሽን" አለች። ከሐረር የመጣ ሰው በኪሎ መዝኖ እንደወሰደው የነገረችኝ የጎረቤት ልጅ ናት፣ ያውም ከፊራ ገበያ መሃል፣ ሰው እየሰማ። ጠገራው ሳይቀር። የአያቴን ጠገራ! ለወንድሜ ለማሙሽ ጉዳይ እንደሆነ ዓመታት ቆይቼ ሰማሁ። ጀጎል ውስጥ አንጥረኛ አቅልጦት የማንን አምባር ሠርቶበት ይሆን እያልኩ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ለምን ሸጥከው አልልህም። ልጅህ ነው፣ ያኔ ሌላ መንገድ አልነበረም። እኔም ብሆን እሸጠው ነበር። ግን ሳንቲሙ ሲደረደር ልጅህ ነበርኩ፣ ሲሸጥ ግን አልነበርኩም። "ነይ፣ እንዲህ ሊሆን ነው" ብትለኝ አለቅስና እረዳህ ነበር። ራሴ ቆጥሬ እሰጠው ነበር። ያ አልወጣልኝም አባዬ።

አሁንስ? አሁንም እየደበቅከኝ ነው።

ማሙሽ ነገረኝ። አትቆጣው፣ እኔ ነኝ አውጥቼ ያናገርኩት። ሱቅ ሄደህ መቶ ብር መስሎህ ሁለት መቶ ሰጥተህ እንደተመለስክ፣ ባለሱቁም ዝም ብሎ እንደተቀበለህ፤ ሻይ ስትቀዳ ከብርጭቆው ውጭ እንደሚፈስ፤ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ካመሸህ መንገዱ እንደሚጠፋብህ። መቶው ሰማያዊ ነው፣ ሁለት መቶው ወይን ጠጅ። የዓይን ሞራ መጀመሪያ የሚያምታታው እንደነዚህ ያሉትን ቀለሞች ነው። ባለፈው ስጠይቅህ "እኔ ገንዘብ በድምፁ አውቃለሁ" ብለህ ሳቅክ። ኖት ግን አይጮኽም አባዬ።

የምትፈራው የአያቴን ነገር እንደሆነ አውቃለሁ። በር ላይ ተቀምጣ፣ የመጣውን ሁሉ "ማነህ?" እያለች። በእሷ ጊዜ ማን ነበራት? የዛሬው ሌላ ነው። ዓይኑን ብቻ ያደነዝዙታል፣ አንተ ነቅተህ ታወራለህ። የጠቆረውን ሌንስ አውጥተው ንጹህ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካሉ። አንዱን ዓይን ሠርተው፣ እሱ ሲድን ሌላውን። በዚያው ቀን ቤትህ ትገባለህ። ሞራ ሳይሆን ሌላ ነገር ከሆነም ቶሎ መታወቅ አለበት፤ ለዚህ ነው የቸኮልኩት። ሞራው በቆየ ቁጥር እየጠነከረ ሥራውን ያከብደዋል።

ማሙሽ ሐሙስ ጠዋት ሐረር ቀጠሮ አስይዟል። ገንዘቡን ልኬያለሁ፣ ስለሱ አንድ ቃል እንዳትናገረኝ። የደም ግፊት ክኒንህን ከነማሸጊያው ይዘህ ሂድ፣ ሐኪሙ ይየው። ስኳርህንም ይለኩሃል። በባጃጅ እንዳትሄዱ፣ ደንገጎ ዳገት ላይ ነፋሱና አቧራው ለዓይንህ አይሆንም፤ ሚኒባስ ይያዝና ጋቢናው ይለቀቅልህ። ከዚያ በኋላ የሚሰጡህን ጠብታ ማሙሽ እንዳይረሳ ስልኩ ላይ ደወል ሞልቶለታል። ዓይንህን እንዳታሽ። ጫት ቤት የምትቀመጥባቸው ሰዎች ስለ ዓይን የሚነግሩህን ሁሉ እንዳትሰማ።

ለገና እመጣለሁ ብዬ ነበር። ወረቀቴ ገና አላለቀም። ለፋሲካ ይሆናል፣ ካልሆነም ለክረምት። ሁልጊዜ እንዲህ እንደምል አውቃለሁ፣ አንተም "አይዞሽ፣ ሥራሽን ሥሪ" እንደምትል አውቃለሁ። ብቻ ስመጣ ፊቴን በእጅህ ዳብሰህ እንድታውቀኝ አልፈልግም። ትንሿንም አንድ ጊዜ እንኳን በደንብ ሳታያት... ይቅር፣ ይህን አልጽፈውም።

ወደ ድሬ የሚመጣ ሰው አግኝቼ አንድ 1964 ኬኔዲና አንድ ባለ አምስት ሳንቲም ልኬልሃለሁ። ባለ አምስቷን የላከችልህ ትንሿ ናት፣ ራሷ ያገኘቻት። ለማንም እንዳትሰጥብኝ።

እሁድ እንደተለመደው እደውላለሁ። "ደህና ነኝ" ብለህ ስልኩን ለማሙሽ እንዳታቀብለው። ሐሙስ ሐኪሙ ያለህን፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ፣ ከአንተው አፍ ነው መስማት የምፈልገው።

ልጅህ